ከብር አፍንጫ እስከ ቲታኒየም ወንፊት፦ የተሰበረ ፊትና የዓይን ጉድጓድ እንዴት ይጠገናል?

ዐርፈጃህ ቢን አስዐድ (ረዲየላሁ ዐንሁ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ቀን ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። የብር አፍንጫ አሠርተው አደረጉ፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ ይህን ሐዲስ የምናውቀው በፊቅህ በኩል ነው፤ ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ ለችግር መፈቀዱን ለማስረዳት ይጠቀሳል። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ቁሳቁስ ጠባይ ስንማር ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መጣብን። ብሩ ለምን ሸተተ? ወርቁስ ለምን ተመረጠ?

ብር ሰልፈር ሲያገኘው ይጠቁራል። እርጥበት በማይለየው የአፍንጫ ቁስል ላይ ሲሆን ደግሞ ገጽታው እየተበላ ቆሻሻ ይይዛል። ወርቅ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የሚዋሐድበት ምክንያት የለውም ማለት ይቻላል። የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው 30 ክፍል ባለው ሥራቸው የተነቃነቀ ጥርስን በክር ስለ ማሰር ሲጽፉ የወርቅ ክር የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብር ከጥቂት ቀናት በኋላ ይበላሻል፣ ወርቅ ግን እንዳለ ይቆያል። ቅርጹን የሚይዝ፣ የማይበላና ሰውነት የማይጣላው ነገር ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬም የፊት አጥንት ቀዶ ሐኪሞች ጥያቄ ነው። የዛሬው መልስ በአብዛኛው ቲታኒየም ነው። ወደ ብረቱ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለሚጠገነው ቤት ትንሽ እንበል።

ፊታችን እንደ ጭቃ ቤት ነው ብንል አንሳሳትም። ጭቃ ቤት የሚቆመው በምሰሶና በማገር ነው፤ ምርጉ ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ ሸክም አይችልም። የፊት አጥንትም ምሰሶዎች አሉት። አንዱ ከላይኛው ጥርስ ተነሥቶ በአፍንጫ ጎን ወደ ግንባር ይወጣል፣ ሌላው በጉንጭ አጥንት በኩል ወደ ቅንድብ ጫፍ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ከኋላ ተደብቆ የላይኛውን መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር ያያይዛል። ማገሮቹ ደግሞ ቅንድቡ፣ ከዓይን ሥር በጣት የሚዳሰሰው ጠርዝና የጥርሶቹ መደዳ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቅጠል የመሰለ ስስ አጥንትና ሳይነስ የምንላቸው አየር የሞላባቸው ክፍት ቦታዎች ናቸው። ምሰሶዎቹ ለማኘክ ኃይል የተሠሩ ስለሆኑ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ጫናን በደንብ ይችላሉ። ከፊት ለፊት ወይም ከጎን ለሚመጣ ምት ግን ደካሞች ናቸው። ኳስ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ክርን፣ የተገለበጠ ባጃጅ፣ ከፎቅ ደረጃ መውደቅ፣ የፈረስ ርግጫ፣ ሁሉም የሚመጡት በዚሁ ደካማ አቅጣጫ ነው።

ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ለ ፎር ፊት በየትኛው መስመር እንደሚሰበር ለማወቅ የሞቱ ሰዎችን ራስ በተለያየ አቅጣጫ እየመታ መረመረና ውጤቱን በ1901 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስብራቱ እንደ ተጣለ ሸክላ በዘፈቀደ አልሄደም። ሦስት መስመሮች ደጋግመው ታዩት። በመጀመሪያው የላይኛው ጥርስ መደዳ ብቻውን ይላቀቃል፤ በሁለተኛው አፍንጫን ጨምሮ የፊት መሐል እንደ ፒራሚድ ይነቀላል፤ በሦስተኛው ፊት በሞላ ከራስ ቅል ይለያል። እስከ ዛሬ ሐኪሞች ካርድ ላይ «ለ ፎር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ነው።

ከፊት አጥንቶች ሁሉ የሚደንቀው የዓይን ጉድጓድ ነው። ሰባት አጥንቶች ተጋጥመው ሠርተውታል። በአዋቂ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ዓይኑ ራሱ ግን ወደ 7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ስብ፣ ጡንቻ፣ ነርቭና የደም ሥር ነው። ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ወለሉ ግን አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ነው። በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል፣ ስሙ ራሱ በላቲን «ወረቀት የመሰለ» ማለት ነው።

በ1957 እ.ኤ.አ. ስሚዝና ሬገን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በሞተ ሰው ዓይን ላይ ኳስ አስቀምጠው ኳሱን በመዶሻ መቱት። ጠርዙ ሳይነካ ወለሉ ወደ ታች ተሰበረ። ዓይን ወደ ኋላ ሲገፋ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ይጨምራል፤ ግፊቱም በደካማው ቦታ ይወጣል። የእንፋሎት ማብሰያ ድስት ላይ ያለውን መተንፈሻ አስቡ። ወለሉ ቀድሞ ባይሰበር ኖሮ የሚፈነዳው ዓይኑ ነበር። ምህንድስና ውስጥ ሆን ብለን ደካማ የምናደርገው ክፍል አለ፣ ፊውዝ እንደ ምሳሌ፤ እዚህ ግን ሳንጠይቅ ተሠርቶልናል፤ ሱብሐነላህ።

ወለሉ ሲሰበር ስቡና አንዳንዴም ዓይንን ወደ ታች የሚያዞረው ጡንቻ ከሥር ወዳለው ሳይነስ ይንጠለጠላሉ። ሰውየው ወደ ላይ ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። በወለሉ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጎዳ ጉንጩ፣ የላይኛው ከንፈሩና ጥርሱ ይደነዝዛሉ። ዕብጠቱ ሲወርድ ደግሞ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጉድጓዱ በ1 ሚሊ ሊትር በሰፋ ቁጥር ዓይኑ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰምጣል። 2 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ሲያየው ልዩነቱን ይለያል። እንግዲህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ቦታ የሰውን መልክ ይለውጣል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ተረጋግታችሁ አንብቡልን፤ ጽሑፉን ለማዘጋጀት የተነሣነውም በዋናነት ለዚህ ነው። አብዛኛው የፊት ስብራት ለቀናት መጠበቅ ይችላል፤ እንዲያውም ዕብጠቱ እስኪቀንስ መጠበቁ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ጨርሶ የማይጠብቁ ሦስት ሁኔታዎች ግን አሉ። ከባዱ ነገር፣ ከሦስቱ አንዱ ሲታይ ቀላል ይመስላል።

እርሱም የልጆች ስብራት ነው። የአዋቂ አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ይሰበራል፤ የልጅ አጥንት ግን እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ታጥፎ ይመለሳል። በምቱ ቅጽበት ወለሉ ይከፈታል፣ ጡንቻው ይገባል፣ አጥንቱ ተመልሶ እንደ ወጥመድ ይዘጋበታል። ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ነጭ ነው፤ ደም የለም፣ ዕብጠትም የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ግን ወደ ላይ ማየት አይችልም፤ ሲሞክር ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የልቡ ምትም ሊዘገይ ይችላል። ይህ የሚሆነው የተያዘው ጡንቻ መልእክት በነርቭ በኩል እስከ ልብ ስለሚደርስ ነው። ቤተሰብ ማስመለሱን ሲያይ «ጭንቅላቱን ነው የተመታው» ይላል፤ ጤና ጣቢያም ውስጥ እንደዚያው ሊታሰብ ይችላል። ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያዞር የሚጠይቀው ከሌለ ነገሩ ተሸፍኖ ይቀራል። የተያዘ ጡንቻ ደም ስለማያገኝ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ከሳምንት በኋላ ቢለቀቅም ልጁ ዕድሜ ልኩን አንዱን ሁለት እያየ ሊኖር ይችላል። ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ ታናናሽ ወንድሞቻችሁ ኳስ ሲጫወቱ ቢመቱ ይህቺን ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ የማስከተል ምርመራ አድርጉላቸው፤ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም።

ሁለተኛው ከዓይን ኋላ የሚፈስ ደም ነው። ጉድጓዱ በአጥንት የታጠረ ስለሆነ ደሙ የሚሄድበት የለም፤ ግፊቱ የእይታ ነርቩን ያንቃል። ዓይኑ ወደ ፊት ይወጣል፣ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሕመሙ ይበረታል፣ እይታው እየደከመ ይሄዳል። እዚህ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ካለፈ የጠፋው እይታ ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ቀላል ነው። የሠለጠነ ሐኪም በማደንዘዣ የዓይኑን ውጫዊ ጥግና ከሥሩ ያለውን ጅማት በመቀስ ይቆርጣል፤ ዓይኑም ወደ ፊት ቦታ አግኝቶ ግፊቱ ይቀንሳል። ቁስሉ በኋላ ይሰፋል። ለዚህ ሲቲ ስካን አይጠበቅም፤ አስፈላጊው ነገር ሁኔታውን መለየትና መፍጠን ነው።

ሦስተኛው ዓይኑ ራሱ ሲቀደድ ነው። ብሌኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንባ ጠብታ ከተሳበ፣ ወይም ከዓይኑ ፈሳሽ ከወጣ፣ አትጫኑት፣ አትጠቡት፣ የቡና ዱቄትም ሆነ ቅባት አትጨምሩበት። የወረቀት ኩባያ ሥሩን ቆርጣችሁ ጠርዙ አጥንት ላይ እንዲያርፍ፣ ዓይኑን እንዳይነካ አድርጋችሁ በፕላስተር አስሩና ውሰዱት። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር እንበል። ወጌሾቻችን በእጅና በእግር ወለምታ ላይ ያላቸውን ልምድ አንንቅም። ፊት ግን አይታሽም። ከጉንጩ አጥንት ኋላ ዓይን አለ፤ ከዓይን ጉድጓድ በላይ አንጎል አለ።

ወደ ጥገናው እንመለስ። ድሮ የተሰበረ መንጋጋ የሚጠገነው የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በሽቦ አንድ ላይ በማሰር ነበር፤ በሽተኛው እስከ ስድስት ሳምንት አፉን ሳይከፍት በፈሳሽ ብቻ ይቆያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን በእንግሊዝ አገር ሲያክሙ የነበሩት ሃሮልድ ጊሊስ በዘመናቸው ተአምር የሚባል ሥራ ሠርተዋል፤ የጉንጭ አጥንትን ከፀጉር ውስጥ በተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ መንቀል የሚያስችለው ዘዴያቸው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አጥንቱን በቦታው አጥብቆ የሚይዝ ነገር ግን ገና አልተገኘም ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቻቸው መንጋጋ ስናኝክ የትኛው በኩሉ እንደሚሳብና የትኛው እንደሚጨመቅ አጠኑ። ሲቪል የምታጠኑ ሰዎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በረንዳ ሲሠራ ብረቱን የምናስቀምጠው ከላይ በኩል ነው፤ ምክንያቱም ጫናው ሲያርፍበት የሚሳበው የላይኛው ወገን ነው፣ ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም። መንጋጋም እንደ በረንዳ ከኋላ ተይዞ ከፊት ይጫናል። በላይኛው ጠርዝ በኩል ትንሽ ፕሌት በአጫጭር ብሎኖች ከተያዘ የታችኛውን ጠርዝ የማኘክ ኃይል ራሱ ያጋጥመዋል። ወፍራም ብረትና ከውጭ የሚታይ ትልቅ ጠባሳ አላስፈለገም፤ በአፍ ውስጥ ተገብቶ ይሠራል። ብዙ በሽተኞች ከቀናት በኋላ አፋቸውን ከፍተው ለስላሳ ምግብ ይበላሉ።

ፕሌቱ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ስዊድናዊውን ፐር ኢንግቫር ብሮንማርክን ያነሣል። በ1952 እ.ኤ.አ. የጥንቸል እግር ውስጥ ለሌላ ምርምር የቲታኒየም ዕቃ አስገብተው ነበር። ጥናቱ አልቆ ሊያወጡት ሲሞክሩ አልወጣም፤ አጥንቱ ከቲታኒየሙ ጋር አንድ ሆኗል። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በዓይን የማይታይ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ያ ሽፋን ዝገትን ይከላከላል፣ ሰውነትም አይጣላውም። ሌላም ጥቅም አለው። ስቲል ለመታጠፍ ያለው እምቢተኝነት ወደ 200 ጊጋፓስካል ነው፤ ቲታኒየም ወደ 110፤ ጠንካራው የአጥንት ክፍል ደግሞ ከ15 እስከ 20። ፕሌቱ እጅግ ግትር ከሆነ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይወስድና አጥንቱ ሥራ ፈትቶ ይሳሳል። ቲታኒየም ከስቲል ይልቅ ወደ አጥንቱ ይቀርባል። ማግኔት ስለማይስበው ወደፊት ኤም አር አይ ለማንሣት አያግድም፤ ችግር ካላመጣ በስተቀርም ማውጣት አያስፈልግም።

የዓይን ጉድጓድ ወለል ሸክም የለበትም፤ የሚፈልገው ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከታችኛው የዓይን ሽፋሽፍት ውስጠኛ ገጽ ገብቶ (ከውጭ ጠባሳ እንዳይታይ) የወረደውን ስብና ጡንቻ ቀስ ብሎ ያነሣል፤ ቀዳዳው ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ የቲታኒየም ቅጠል ወይም ለዚህ የተዘጋጀ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም ከራሱ ከበሽተኛው የተወሰደ አጥንት ያነጥፋል። ከመዝጋቱ በፊት ዓይኑን በመቆንጠጫ ይዞ በየአቅጣጫው ያዞረዋል፤ የሚይዘው ነገር ካለ ጡንቻ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ዘዴው ጥንታዊ ይመስላል፤ አሁንም ግን የሚተካው የለም።

ከባዱ ነገር ወለሉ ጠፍጣፋ አለመሆኑ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ አፍንጫ በኩልም ይታጠፋል። ያ መታጠፊያ በትክክል ካልተመለሰ ቀዶ ጥገናው «ተሳክቶ» እንኳ ዓይኑ ሰምጦ ይቀራል። እዚህ ላይ ሲቲ ስካን ነገሩን ለወጠው። መጀመሪያ ሰው የተነሣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚህ ሥራ በ1979 ኖቤል ከተሸለሙት ሁለት ሰዎች አንዱ አለን ኮርማክ ሒሳቡን የጀመሩት በኬፕ ታውን በሚገኝ ሆስፒታል ሲሠሩ መሆኑን ስናነብ፣ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ደስ አሰኝቶናል። ዛሬ የሲቲ ምስሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ጤነኛው ጉድጓድ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ በተሰበረው ላይ ይጋረድና ምን እንደጎደለ ይታያል። ሀብታም አገር ከሆነ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ቲታኒየም ይታተማል። ርካሹ መንገድ ግን የተገለበጠውን ጉድጓድ በተራ ፕላስቲክ በ3ዲ ማተሚያ ማተምና ሐኪሙ ወንፊቱን ከቀዶ ጥገናው በፊት በዚያ ላይ እያጠፈ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል። ማተሚያው በብዙ የምህንድስና ክፍሎች ቤተ ሙከራ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው። የሕክምናና የመካኒካል ተማሪዎች የምንገናኘው በጁሙዓ ሰልፍ ላይ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አስቡበት።

በአገራችን የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡት መካከል አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ይታወቃል፤ ለዓይን ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የቆየ ስም አለው። ከክልል የሚመጣ ሰው በቅርብ ካለው ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት ይሄዳል። ዋናው ጠላት ጊዜ ነው። ለተራው ስብራት ጥሩው ጊዜ በግምት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ አጥንቱ በጠመመበት መያያዝ ይጀምራል፤ ከወራት በኋላ ከሆነ ሐኪሙ የዳነውን እንደገና መስበር አለበት። «ዕብጠቱ ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ ድኗል» ብሎ ከመተው በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ሁለት ሁለት ይታየዋል? ጉንጩ ደንዝዟል? ጥርሱ እንደ ድሮው ይገጥማል? ሁለቱ ዓይኖችና ሁለቱ ጉንጮች ከላይ ሲታዩ እኩል ናቸው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካጠራጠረ መታየት አለበት።

የዓይን ጉድጓዱ ለተሰበረ ወንድም ወይም እህት ሐኪሙ ከሚሰጣቸው ትእዛዞች አንዱ በእኛ ኑሮ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ለተወሰኑ ሳምንታት ንፍጥ በኃይል መናፈጥ የለም። ወለሉ ስለተከፈተ አየሩ ከሳይነስ ወደ ዓይን ዙሪያ ይገባና ዓይኑ በቅጽበት ያብጣል፤ ጀርምም ይዞ ይገባል። ማስነጠስም ቢመጣ አፍ ተከፍቶ ነው። እኛ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ነው ውዱእ ላይ ውሃ ወደ አፍንጫ ስበን የምናስወጣው? ኢስቲንሻቅ በሻፊዒይ መዝሀብ ሱና ነው፤ ግዴታ የሚያደርጉት ዑለማዎችም ቢሆኑ የታመመን ሰው ሁኔታ ይለያሉ። በተሰፋ ቁስል ላይ ስላለ ፋሻ፣ ስለ ተየሙምም እንዲሁ ዝርዝር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስን ወደ ታች መድፋት ግፊት ስለሚጨምር ሱጁድን በምልክት ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ሐኪሙን «ምን ያህል ጊዜ?» ብላችሁ በትክክል ጠይቁ፣ መልሱን ይዛችሁ ወደ ኡስታዛችሁ ሂዱ። ብዙ ሐኪሞች ውዱእ ላይ አፍንጫ እንደምናጥብ ላያስቡት ይችላሉ፤ ካልነገርናቸው ሊጠይቁን አይችሉም።